ውልና ውለታ፤ የኳስ ተጫዋች የማን ነው?

ጨዋታ ሥራ ነውን? ጥያቄው ለፈላስፎች ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ ነገር ቢመስልም በየሰፈሩና በየቤቱ ደጃፍ ዕለት ዕለት የሚነሣ የኑሮ ጥያቄ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ በተዘረጉት መንደሮች ልጁ ኳስ ይዞ ሲወጣ «ይልቅ የሚረባ ሥራ ሥራ» ብሎ የሚገሥጽ አባት አይታጣም። ያው አባት ግን የእንግሊዝ ክለቦች በሚጋጠሙበት ቅዳሜ የመግቢያ ከፍሎ በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ይሰየማል፤ ባሕር ማዶ ያለው ተጫዋች ኳስ በሳተ ቍጥርም «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ደመወዝ የሚበላው?» እያለ ይቈጣል። እንግዲህ በአንድ ሰው ኅሊና ውስጥ ያው ጨዋታ ለባዕዱ ልጅ ሥራ፣ ለራስ ልጅ ግን ሥራ ፈትነት ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ተቃርኖው የአንድ አባት ጥፋት አይደለም፤ ኅብረተሰቡ ስለ ጨዋታና ስለ ተጫዋች ያለው አስተሳሰብ ገና ያልጠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ጨዋታ ሥራ ከሆነ ተጫዋቹ ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ከሆነም ላቡ ዋጋ አለው። ጨዋታ ሥራ ካልሆነ ደግሞ ተጫዋቹ ለሕዝብ የሚሰጠው ደስታ ስጦታ ነው፤ ስጦታም አጸፋ ይጠይቃል። አማርኛ ለእነዚህ ሁለት ዓይነት ግንኙነቶች በድምፅም በትርጉምም የሚጎራበቱ ሁለት ቃላት አሉት፤ ውልና ውለታ። ውል በወረቀት ይሰፍራል፣ ምስክር ይቈጠርበታል፣ ቀኑ ሲደርስ ያበቃል። ውለታ ግን ወረቀት የለውም፤ ምስክሩ ኅሊና ነው፤ የሚያበቃበትም ቀን አልተቈረጠለትም። የውል ዕዳውን ያልከፈለ በዳኛ ፊት ይቆማል፤ የውለታ ዕዳውን ያልከፈለ ግን «ውለታ ቢስ» ከመባል በቀር የሚደርስበት የለም። ታዲያ የኳስ ተጫዋች የማን ነው? የራሱ ነውን? የክለቡ ነውን? ወይስ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ? መልሱን ለማግኘት በተቀራረበ ዘመን፣ በሁለት ሀገር የኖሩ የኳስ ሰዎችን ሕይወት በእነዚህ ሁለት ቃላት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበጃል።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት እግር ኳስ የእንግሊዝ ሠርቶ አደር ትልቁ መዝናኛ ነበር። ከመርከብ መሥሪያው፣ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓዱና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚወጣው ሕዝብ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአሥር ሺሕ እየተቈጠረ ወደ ሜዳ ይጎርፍ ነበር። ተጫዋቹም ከዚያው መደብ የወጣ፣ በእግሩ የሚያድር ሠራተኛ ነበር። ውል ነበረው። ውሉ ግን አንዱን ወገን ብቻ የሚያስር ገመድ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ማንም ተጫዋች፣ ችሎታው የቱንም ያህል ቢልቅ፣ በውድድሩ ወራት በሳምንት ከ8 ፓውንድ፣ በዕረፍቱ ወራት ደግሞ ከ6 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ተወሰነ። ከዚህ የከፋው ተጫዋቹን ከክለቡ ጋር የሚያቈራኘው ሥርዓት ነበር። የአንድ ዓመት ውሉ ባበቃ ጊዜ እንኳ ክለቡ ስሙን በመዝገብ ካቆየው ተጫዋቹ ወደ ሌላ የሊጉ ክለብ ሊያልፍ አይችልም። ክለቡ ሊሸጠው ይችላል፤ እርሱ ግን በገዛ ፈቃዱ ሊሄድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1928 አርሰናል ዴቪድ ጃክን ከቦልተን ሲወስድ 10,890 ፓውንድ ከፈለ፤ ከ10,000 ፓውንድ የበለጠ ዋጋ የወጣበት የመጀመሪያው ተጫዋች እርሱ ነው። ሳምንት ሳይዘለል 8 ፓውንድ ቢከፈለው እንኳ ያን ያህል ገንዘብ ለመቀበል ከ26 ዓመት በላይ መሥራት ይኖርበት ነበር። ሰውየው ዋጋ ነበረው፤ ዋጋው ግን የእርሱ አልነበረም።

የዚያን ዘመን ተጫዋች ዕጣ ከዊልያም ዲን ሕይወት ይበልጥ የሚያሳይ ጥቂት ነው። «ዲክሲ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1907 በበርከንሄድ ተወለደ፤ ከ1925 እስከ 1938 በሊቨርፑል ከተማ ለኤቨርተን ክለብ ተጫወተ። በ1926 በሞተር ብስክሌት አደጋ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ዳግመኛ አይጫወትም ተብሎ ሲፈራ ተነሥቶ በ1927/28 የውድድር ዘመን በ39 የሊግ ግጥሚያዎች 60 ጎሎች አስቈጠረ፤ ይህ ክብረ ወሰን በእንግሊዝ ከፍተኛው ምድብ እስከ ዛሬ አልተደፈረም። ለኤቨርተን በሊግ ውድድር ብቻ በ399 ግጥሚያዎች 349 ጎሎች አሉት። ሆኖም ባለ 60 ጎሉ ሰውና ተራው ተከላካይ ከዚያው ከ8 ፓውንድ ጣሪያ በታች ጎንበስ ብለው ኖሩ። በ1938 ዕድሜና ጕዳት ሲጫኑት ለኖትስ ካውንቲ ተሸጠ። ከጦርነቱ በኋላ በቼስተር ከተማ መጠጥ ቤት አስተዳደረ፤ ቀጥሎም በአንድ የእግር ኳስ ውርርድ ድርጅት በተራ ሠራተኝነት ተቀጠረ። በ1976 ቀኝ እግሩ ተቈረጠ። በማርች 1 ቀን 1980 ኤቨርተን ከሊቨርፑል ሲጋጠም ጎሎቹን ባስቈጠረበት በጉዲሰን ፓርክ ተመልካች ሆኖ ሳለ በልብ ሕመም ሞተ። ሐውልቱ ከሜዳው ደጃፍ የቆመው በ2001፣ ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ሕይወት ውስጥ ውል ምን ሠራ? ውለታስ? ውሉ ዲንን በሚጠቅምበት ዘመን አሥሮ ያዘው፤ በደከመ ጊዜ ሸኘው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለክብሩ ግጥሚያ ሲዘጋጅለት ግን በወጣትነቱ ያዩትና ከአባቶቻቸው ስለ እርሱ የሰሙት ሰዎች ወደ ሜዳ ጎረፉ። ውሉ የነፈገውን ውለታው በከፊል ከፈለ። በከፊል ማለት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይሆንምና። ያ ሥርዓትም በልመና አልፈረሰም። ተጫዋቾች በማኅበራቸው ተደራጅተው ሥራ ለማቆም በተዘጋጁ ጊዜ እ.ኤ.አ. በጥር 1961 የደመወዙ ጣሪያ ተነሣ። በ1963 ደግሞ ተጫዋቹ ጆርጅ ኢስትሃም የቀድሞ ክለቡን ኒውካስልን ከስሶ፣ ተጫዋቹን የሚያቈራኘው ደንብ ከአግባብ ውጭ የሥራ ነፃነትን የሚገድብ መሆኑን ፍርድ ቤቱ ፈረደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ነፃነት የሌለበት ውል፣ ውል ተብሎ ቢጠራም፣ ከባለቤትነት ሰነድ ብዙ አይለይም።

ዲን በኤቨርተን ማልያ ጎል ያስቈጥር በነበረበት በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ሌላ ታሪክ ይጀመር ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ በገባበት ወራት፣ የአራዳ ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ አቋቋሙ። ወራሪው አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ኢትዮጵያዊው ከነጩ ጋር በአንድ ውድድር እንዳይገናኝ ተደረገ፤ ክለቡም ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። እንግዲህ ለዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ወጣት ማልያ መልበስ እንጀራ የሚያስገኝ ሙያ አልነበረም፤ በገዛ ሀገሩ ከሰው በታች ሆኖ እንዲቈጠር ለተፈረደበት ሕዝብ ሰው መሆንን የመመስከር ተግባር ነበር። እንግሊዛዊው ተጫዋች «ዋጋዬ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ኢትዮጵያዊው ገና «ስሜ ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር።

ከዚህ ትውልድ መካከል የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስም ጎልቶ ይወጣል። በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን ሀገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔና ዜመኛ ነበሩ። ልጃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተው በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎሎች ማስቈጠራቸው፣ ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ መሰለፋቸው ይነገራል። የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ፤ የሀገሪቱን ስፖርት ከሥር መሠረቱ ካደራጁት አንዱ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት በሥፍራው ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘውን ቡድን አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ ሥርዓት ከዓለም የእግር ኳስ መድረክ ለማስወጣት በተደረገው ትግልም ግንባር ቀደም ነበሩ። በተጫዋችነታቸው ዘመን ግን የተጫዋች ደመወዝ የሚባል ነገር በሀገሪቱ አልነበረም። ዲንን ውል አሥሮት ነበር፤ እርሳቸውን ያሰረ ውል የለም። የሠሩት ሁሉ ውለታ ነው።

እዚህ ላይ «እንግሊዛዊው ሥጋውን ሸጠ፣ ኢትዮጵያዊው ነፍሱን ሰጠ» ብሎ መደምደም ይቀላል። ድምዳሜው ያማረ ነው፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ያለ ደመወዝ ለመጫወት ሌላ እንጀራ ያስፈልጋል። አቶ ይድነቃቸው በዘመኑ ጥቂቶች ብቻ ያገኙትን ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ጎን የተሰለፈው፣ ቀን የጉልበት ሥራ ሠርቶ ማታ የሚለማመደው ወጣት ግን እግሩ ቢሰበር የዕለት ጕርሱ አብሮ ይሰበር ነበር። ያለ ክፍያ መጫወትን እንደ ንጽሕና መቍጠር በእንግሊዝም የተጀመረው የኪራይና የርስት ገቢ ባላቸው መኳንንት ዘንድ ነበር። ለጠገበ ሰው የተሰፋን ልብስ ለራበው ሰው አልብሶ «አማረብህ» ማለት ውዳሴ አይደለም። ኪነ ጥበብም ይህን ፈተና ታውቀዋለች። አዝማሪው በሠርጉም በልቅሶውም ይፈለጋል፤ ዜማው ይወደዳል፤ ሲመሽ ግን ስለ ማደሪያው የሚጠይቀው የለም። ደስታውን እየተቀበሉ ደስታ ሰጪውን መናቅ በሜዳም በመድረክም ያው አንድ በደል ነው።

ውለታ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን የአንድ አምበል ታሪክ ያሳያል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ማለትም በግብጽ ቡድን 2 ለ 1 እየተመራች ሳለ፣ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ የሚያደርገውን ጎል ያስቈጠሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድማቸው ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ጎል ጨምረው ዋንጫው 4 ለ 2 በሆነ ውጤት በሀገር ቀረ። ሉቺያኖ ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ አባት በአሥመራ የተወለዱ፣ በሙያቸው መካኒክ፣ በክለብ ደረጃ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የተጫወቱ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ሀገር ለቀው ጣልያን ገቡ፤ በዚያም መኪና እየጠገኑ ኖሩ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በዚያው በስደት ሀገር አረፉ። መኪና መጠገን የተከበረ ሥራ ነው፤ የሚያሳዝነው እርሱ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ ሀገሪቱ ይህን ዋንጫ ያገኘችው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዋንጫውን ያነሣው እጅ የት እንዳለ ለአሠርት ዓመታት የሚጠይቅ ጥቂት መሆኑ ነው። አበው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ዲን ቢያንስ በሚወደው ሜዳ ተቀምጦ ሞተ፤ ሉቺያኖ ከሜዳቸውም ከሀገራቸውም ርቀው ሞቱ። እንግሊዛዊውን ውል በደለው፤ የኢትዮጵያን አምበል ደግሞ የውለታ መዘንጋት በደላቸው።

አቶ ይድነቃቸው ይህን ጥያቄ በአህጉር ደረጃ ተጋፍጠውታል። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ለአያሌ ዓመታት በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ከሀገር ውጭ ከሚጫወቱት መካከል ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚገድብ ደንብ ነበር። እርሳቸውም የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ ሀብታሞቹ ሀገሮች መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ አህጉሪቱ ቡናዋንና ማዕድኗን እንደምትልክ ሁሉ ልጆቿንም እንደ ጥሬ ዕቃ የምትልክ ከሆነ ዘላለም አቅራቢ ሆና ትቀራለች የሚል አቋም ነበራቸው። በሽታውን በማወቅ ረገድ አልተሳሳቱም። ዛሬም የአህጉሪቱ ምርጥ እግሮች ለአውሮፓ ሜዳዎች ሲሠሩ፣ የአህጉሪቱ ሜዳዎች ደግሞ በጭርታ ሲመቱ ይታያል። መድኃኒቱ ላይ ግን ጥያቄ ይነሣል። ተጫዋቹን «የአፍሪካ ነህና አትሂድ» ማለት፣ የአነጋገሩ መንፈስ የቱንም ያህል ክቡር ቢሆን፣ «የክለቡ ነህና አትሂድ» ከሚለው የእንግሊዝ ደንብ በምን ይለያል? ሊለይ የሚችለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያስቀረው ወገን ለሚቀረው ሰው የሚሰጠው ነገር ሲኖረው። በፍቅር የሚጠራ ቤት እሳት የነደደበት፣ ማዕድ የቀረበበት መሆን አለበት። ባዶ ቤት በር ቢቈልፍ እሥር ቤት ይሆናል።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ዛሬ ደመወዝና ውል ያለው ሙያ ሆኗል። በዚህም ከመቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ የቆመችበት መስቀልያ መንገድ ላይ ደርሷል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ስምምነት ተደረገ። ይህን ውሳኔ ከእንግሊዙ የ8 ፓውንድ ጣሪያ ጋር አስተያይቶ በጭፍን መኰነን ፍትሕ አይሆንም። ብዙዎቹ የሀገሪቱ ክለቦች የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልል ወይም ከመንግሥት የልማት ድርጅት በሚመደብ ገንዘብ ነው፤ ያ ገንዘብ የመምህሩና የነጋዴው፣ የገበሬውና የወዛደሩ ነው። ሕዝብ በገዛ ገንዘቡ ላይ ገደብ ቢያደርግ መብቱ ነው። ይሁን እንጂ ጣሪያ ያለ ግድግዳ አይቆምም። ከላይ የተቀነሰው ገንዘብ ወደ ታች ወርዶ የሕፃናት ሜዳ፣ የጕዳት መድን፣ የጡረታ ዋስትና ካልሆነ፣ ጣሪያው ተጫዋቹን ከማጐንበስ በቀር የሚያስጠልለው የለም። በእንግሊዝም ጣሪያ በተሠራ ቍጥር የጓሮ በር ይከፈት ነበር፤ የሊድስ ሲቲ ክለብ በስውር ክፍያ ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሊጉ መባረሩ ይታወሳል። በሌላም በኩል በሀገር ውስጥ ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ ለማለፍ «መልቀቂያ» የምትባል አንዲት ወረቀት ፍለጋ ደጅ ሲጠና ሲታይ፣ የዲን ዘመን መዝገብ ገና እንዳልተዘጋ ያስታውሳል።

አንዳንዱ ይህን አንብቦ «ስለ ኳስ ተጫዋች ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ሸማኔውስ፣ ግንበኛውስ፣ በሳሪስ ፋብሪካዎች ሌሊቱን በፈረቃ የሚያድረውስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የተገባ ነው። ተጫዋቹ ከእነርሱ የበለጠ አይገባውም፤ ያነሰም አይገባውም። ልዩነቱ የዕድሜው ማጠር ነው። ሸማኔው በ60 ዓመቱ ከወጣትነቱ የተሻለ ጥለት ሊጥል ይችላል፤ ተጫዋቹ ግን በ35 ዓመቱ የሙያው ሽማግሌ ነው። ሌላው ሠራተኛ የሕይወቱን ጉልበት ለ40 ዓመት አከፋፍሎ ሲሸጥ እርሱ በ15 ዓመት ይጨርሳል፤ በቀሪው ዕድሜው ያው ሰው፣ ያው የቤተሰብ ኃላፊ ነው። በመሆኑም ለእርሱ የሚነገር ፍትሕ፣ ጉልበቱ አልቆ ከመንገድ ዳር ለሚቀር ሠራተኛ ሁሉ የሚነገር ፍትሕ ነው። ሕዝብ በስታዲየም ያየውን በደል ካልተቃወመ በፋብሪካ ግንብ ውስጥ የተሸሸገውን ሊቃወም አይችልም።

እንግዲህ ተጫዋቹ የማን ነው? ከሁለቱ ሀገሮች ታሪክ የሚገኘው መልስ ይህ ነው። ተጫዋቹ የራሱ ነው። የራሱ ከሆነ በኋላ ነው ለክለቡ ሊዋዋል፣ ለሰፈሩና ለሀገሩ ሊሰጥ የሚችለው። መሄድ ለማይችል ሰው መቅረት ታማኝነት አይባልም፤ ችሎ የቀረ ብቻ ነው ታማኝ። ስለዚህ ውል የሚያስፈልገው ሰውን ለማሰር ሳይሆን ነፃነቱን ለመጠበቅ ነው፤ ውለታም የሚያስፈልገው የውልን ጕድለት ለመሸፈን ሳይሆን ውል የማይደርስበትን ዘመን፣ እርጅናንና ሕመምን፣ ስደትንና መረሳትን ለመድረስ ነው። ውለታ የሌለው ውል ሰውን ዕቃ ያደርጋል፤ ውል የሌለው ውለታ ደግሞ ሰውን ምስኪን አመስጋኝ አድርጎ ያስቀረዋል። የሰው ክብር በሁለቱም እግር ይቆማል።

ይህ መልስ በወረቀት እንዳይቀር ሥራው በሦስት ወገን እጅ ነው። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ድምፅን ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚያሻግረው የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ዛሬም የእንግሊዝ ተጫዋቾች ስም በነፋስ እየመጣ በላፍቶና በመካኒሳ ሕፃናት አፍ ላይ ያድራል። ልጆቹ የሩቁን ስም ማወቃቸው ነውር አይደለም፤ የይድነቃቸውን፣ የሉቺያኖንና የመንግሥቱ ወርቁን አለማወቃቸው ግን የመምህሩ የቤት ሥራ ነው። በየቀበሌውና በየወረዳው መሬት የሚደለድለው ኃላፊ፣ አዲስ ሕንፃ በቆመ ቍጥር የአንድ ሰፈር ሜዳ የት እንደገባ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ሜዳ የነጠቁትን ልጅ በኋላ «ለምን አልተጫወትህም?» ማለት አይቻልምና። የኪነ ጥበብ ሰውም ድርሻ አለበት። ዋንጫ ሲነሣ መዝፈን ለማንም ይቀላል። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ፣ ማልያው ከተሰቀለና ታኬታው ከደረቀ በኋላ ሰውየው እንዴት እንደሚያድር በግጥምና በተውኔት ማሳየት ግን ሕዝብን ዕዳውን ማስታወስ ነው። ዕዳውን የሚያስታውስ ሕዝብ ደግሞ መክፈል ጀምሯል ማለት ነው።